መጽሐፉ አለ፤ ፊደሉ ግን የለም

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ከተረከው ወዲህ ዓይነ ስውሩም ዓይናማውም እኩል ሰምቶታል። ትረካው ግሩም ነው፤ ነገር ግን መስማትን እንደ ማንበብ ለመቁጠር እንቸገራለን። ተማሪ አንዱን ዐረፍተ ነገር መልሶ መላልሶ መመርመር፣ ገጹንም መጥቀስ አለበትና።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ በምትገኘው በጫጫ ተቀምጦ በስልኩ የሚያነብ ዓይነ ስውር ተማሪ ይህን ማድረግ የሚችል ይመስላል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው «ኢስፒክ» አማርኛም ይናገራል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። (ድምፁ ደረቅ ነው፤ ይለመዳል።) ይሁን እንጂ ከበይነ መረብ የሚወርደው የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የገጽ ፎቶግራፍ ነው። እኛም ስንሞክረው መሣሪያው ዝም አለ። ይህን «መጽሐፉ ተገኝቷል» ማለት ለማን ነው?

ሕግ ከልክሎ ነው እንዳይባል፣ በ2005 ዓ.ም. በማራካሽ የጸደቀውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስምምነቱ ሥራው የተፈቀደላቸው ድርጅቶች የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጽሐፍን ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ እንዲያዘጋጁ መንገድ ይከፍታል። የቀድሞውን መጽሐፍ እንደገና መተየብና ማረም ያስፈልጋል፤ አድካሚ ሥራ ነው። የዛሬው ግን በኮምፒዩተር ተተይቦ ስለሚታተም ፊደሉ በአሳታሚው እጅ አለ። ታዲያ ፎቶግራፍ ከማንሳት አሳታሚውን መጠየቅ አይቀልምን?