«ምናባዊ ማሽን» እና «አስመሳይ» ስለተባሉት ስያሜዎች

ስለ ኮምፒዩተር በሚጻፉ ትርጉሞች ውስጥ ሁለት ስያሜዎች እየተለመዱ መጥተዋል፤ ለቨርቹዋል ማሽን «ምናባዊ ማሽን»፣ ለኢሙሌተር ደግሞ «አስመሳይ»። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጽንሰ ሐሳቡን ያዛባሉ።

ምናባዊ የሚባለው በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ነው። ቨርቹዋል ማሽን ግን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተደግፎ፣ በእርሱ ስም እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዝምድና አማርኛ ቃል አላጣም። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የወሎ ጠቅላይ ገዥ በነበሩበት ዘመን ደሴ ተቀምጦ በስማቸው የሚያስተዳድረው እንደራሴ ነበር። ከወልድያ፣ ከመርሳ ወይም ከሐብሩ ገጠር አቤቱታ ይዞ የሄደ የየጁ ሰው የሚገጥመው ምናባዊ ሹም አልነበረም። ሆኖም ጉዳዩ ከእንደራሴው ሥልጣን በላይ ሆኖ ወደ ላይ የተላለፈ እንደሆነ መልሱ ይዘገያል፤ ባለጉዳዩም ከመዘግየቱ በማን ፊት እንደቆመ ይረዳል።

ፕሮግራምም የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። «ሲፒዩአይዲ» የተባለው ትእዛዝ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሰጥ ወደ ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ተላልፎ ይመለሳል፤ በምልልሱ ያለፈው ጊዜ ይለካል። መልሱም የተቆጣጣሪውን ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የኔትዎርክ ካርዱ አድራሻ በ08፡00፡27 መጀመሩ ደግሞ ቨርቹዋል ቦክስን ያስጠረጥራል። ፖፔክና ጎልድበርግ በ1974 እ.ኤ.አ. በሰጡት ትርጓሜ ፕሮግራሙ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲያሳይ ሲጠይቁ፣ ከጊዜና ከሀብት መጠን የሚመጣውን ልዩነት ለይተው ትተዋል። ምናብ ግን በሰዓት የሚለካ ዱካ የለውም።

«አስመሳይ» ይብሳል፤ ቃሉ ነቀፋን ያዘለ ነውና። በ2014 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ያነጣጠረውን የሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። በ2015 ሾልኮ በወጣው የኩባንያው ኮድ ውስጥም ቪኤምዌርንና ቨርቹዋል ቦክስን የሚያስስ ክፍል ተገኘ። የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም በመርማሪ ኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ መስሎ ይቀመጣል። ታዲያ አስመሳዩ ማን ነው? ተርጓሚው «ፕሮግራሙ አስመሳዩን ለየ» ብሎ ሲጽፍ ነቀፋውን የሚጭነው በመርማሪው መሣሪያ ላይ ነው፤ የጋዜጠኛ ደኅንነት በሚነገርበት ጽሑፍ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ስለዚህ ለቨርቹዋል ማሽን «እንደራሴ ማሽን»፣ ለኢሙሌተር «መሳይ» እንዲባል እናቀርባለን። «እንደራሴ» የምክር ቤት ሽታ አለው የሚሉ አይጠፉም። «አገልጋይ» የተባለውን ሰርቨር ግን የቤተ ክህነት ሽታው አልከለከለውም።