ጆሮውን ደፍኖ ስለ ሮጠው መንገደኛ

በሚሲዮን ተማሪ ቤት ያደግን ሰዎች፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ በልባችሁ የተቀረጸው መጽሐፍ የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የእንግሊዛዊውን የጆን ቡንያንን የመንገደኛውን ጉዞ ሳንጠራ አንቀርም። እኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዳሪ ተማሪ ሳለሁ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ኋላም መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ አንብቤዋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ከጧት ጸሎቴ በኋላ ጥቂት ጥቂት ገጽ እያልሁ እንደ ገና ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ነቀፌታ ስናገር፣ ነቀፌታዬ ከንቀት የመጣ እንዳይመስለው አንባቢዬን አስቀድሜ እለምናለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ስሞች በገዛ አማርኛዬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ስለ ፈረንጅ አገር የምጠቅሰው ዓመትም በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ቡንያን የተማረ ሊቅ አልነበረም። በ1628 ቤድፎርድ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ፤ ሥራውም እንደ አባቱ የተበሳ የብረት ድስትና ሰታቴ መጠገን ነበር። በእኛ አገር ቢሆን ቀጥቃጭ ተብሎ ይሰደብ፣ ልጁን የሚያገባለትም ባልተገኘ ነበር። ያለ መንግሥት ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ በ1660 ታሰረና እስከ 1672 ድረስ 12 ዓመት ያህል በወህኒ ቈየ። ከእንግዲህ አልሰብክም የሚል ቃል ቢሰጥ ኖሮ ይፈታ ነበር። በእስር ቤት ሳለም የማሰሪያ ክር እየሠራ በማሸጥ ቤተ ሰቡን ይረዳ ነበር፤ ከልጆቹም አንዲቱ ዐይነ ስውር ነበረች። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል በ1678 አሳተመ። ይህን ታሪክ የማነሣው፣ ከቤትና ከልጅ ስለ መለየት የጻፈው ሰው የመለየትን ዋጋ በገዛ ሰውነቱ የከፈለ እንጂ ከወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመክር እንዳልነበረ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

ስለ ዕለት ጸሎት ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ሁሉ የተርጓሚውን ቤት የሚያህል እስካሁን አላገኘሁም። መንገደኛው ክርስቲያን ወደዚያ ቤት ሲገባ፣ በግድግዳ ሥር የሚነድ እሳት ያያል። አንድ ሰው ዘወትር ውሃ ያፈስበታል፤ እሳቱ ግን ከመጥፋት ይልቅ ይበልጥ ይነዳል። ተርጓሚውም ወደ ግድግዳው ጀርባ ይወስደውና፣ ሌላ ሰው በዕቃ ዘይት ይዞ በስውር እሳቱን ሲመግበው ያሳየዋል። ይህን ለልጆች ሳስተምር ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም ነበር። በየቤታቸው እናታቸው ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና፣ ጧት ገልጣ እፍ ስትል ያዩ ናቸውና የተሰወረ እሳት ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። የጧት ጸሎት የሚታየው ነበልባል አይደለም፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለችው የዘይቷ ዕቃ ናት። በጎረቤት ፊት በድምፅ ማጉያ የሚደረገው ጸሎት ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በዚያው ቤት አቧራ የሞላበት አዳራሽ አለ። አንዱ ሰው ሊጠርገው ሲጀምር አቧራው ተነሥቶ ክርስቲያንን ሊያፍነው ደረሰ፤ ከዚያም አንዲት ልጃገረድ ውሃ ረጨችበትና ያለ ችግር ተጠረገ። ይህም ወለል ሳይረጭ የማይጠረግ መሆኑን ለሚያውቅ ለእኛ ሰው እንደ ተጻፈ ሁሉ ነው። የደረቀ ተግሣጽ በቤት ውስጥ የተኛውን አቧራ ሁሉ እንደሚያስነሣ አባቶችና መምህራን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ክርስቲያን ከተማው በእሳት እንደምትጠፋ ይረዳል፤ ሸክሙን ተሸክሞ ለመሸሽ ይነሣል። ሚስቱና ልጆቹ ከኋላው ሆነው ሲጠሩት ጣቶቹን በጆሮዎቹ ውስጥ አግብቶ፣ ስለ ሕይወት እየጮኸ ይሮጣል። ልጅ ሳለሁ ይህ ክፍል ሲነበብ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የልጆች አባትና የልጅ ልጆች አያት ከሆንሁ በኋላ ግን ያ ጣት ያስጨንቀኛል። እርግጥ ነው፣ ቡንያን ነገሩን እንዲሁ አላለፈውም። ወደ ኋላ ላይ ፍቅር የምትባል ሴት፣ ሚስትህንና አራት ልጆችህን ስለ ምን አላመጣሃቸውም ብላ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም እያለቀሰ እንደ መከራቸውና እንደ ለመናቸው፣ እነርሱ ግን እንቢ እንዳሉት ይመልስላታል። ይህ መልስ ለቤተ ሰቡ ይበቃ ይሆናል። ለከተማው ግን መልስ አልተሰጠም፤ ጠያቂም አልነበረ። ከእልኸኛና ከተለማጭ በቀር፣ እነዚያ ጎረቤቶቹ ሁሉ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ስም እንኳ የላቸውም። ከተማይቱ የተፈጠረችው ሰው እንዲሸሻት ብቻ ይመስላል።

ወደ ከንቱው ገበያ በደረሱ ጊዜም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። በዚያ ገበያ ቤት፣ ርስት፣ ሹመት፣ ማዕርግ፣ ወርቅና ብር፣ የሰው ነፍስ ሳይቀር ይሸጣል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚለው የአገራችን ተረት የሚስማማው ለዚህ ነው። ሁለቱ መንገደኞች ምን ትገዛላችሁ ሲባሉ እውነትን እንገዛለን ብለው በመመለሳቸው ተደበደቡ፣ ጭቃ ተቀቡ፣ በቀፎ ውስጥ ታሰሩ፤ ታማኝ የተባለውም በእሳት ተቃጠለ። ይህ ታላቅ ምስክርነት ነው፤ በትዕግሥታቸው ከገበያው ሰዎች አንዳንዶችን እንደ ማረኩ፣ ተስፋ የተባለውም ከዚያ ተነሥቶ ጓደኛ እንደ ሆነ ተጽፏል። ነገር ግን ተስፋም እንደ ክርስቲያን ከተማውን ትቶ ሄደ። በገበያው መካከል ያለ ውሸት የሚነግድ አንድ ሰው ለማስቀረት ያሰበ የለም።

አንድ ሰው፣ ይህ ምሳሌ ነውና እንደ ቃሉ አትውሰደው ይለኝ ይሆናል። እኔም ምሳሌ መሆኑን አልዘነጋሁም። ምሳሌ ግን ሰውን ይቀርጻል፤ እኛንም ቀርጾናል። በሚሲዮን ያደግን ሰዎች ልማዳችንን ብንመረምር፣ የጧት ጸሎታችንን ጆሮ የምንደፍንበት ጣት አድርገነዋል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ዘመኑ ከፋ፣ ወጣቱ ጠፋ፣ ጉቦው በዛ እንላለን፤ ይህንም ስንል ከከተማው ውጭ ቆመን ጭሱን እንደምንመለከት ሰዎች ነው።

መምህር ነበርሁና ከማውቀው ነገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ተገኘ ተሰርዟል። ኋላም የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም፣ የመጻሕፍት እጦትም፣ የእኛ የመምህራን ድካምም አለበት። ነገር ግን ቀድሞ ስንደሰትበት ከነበረው ውጤት ብዙው የተሰረቀ እንደ ነበር ማንም ሊክድ አይችልም። የሰረቁትስ እነማን ናቸው? ከባዕድ አገር የመጡ አይደሉም፤ እሑድ እሑድ አብረውን የሚዘምሩ ናቸው።

ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ የሚጸልይ አንድ የማውቀው ሰው ወደ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ዘመኑ ክፋት እያነሣ አዘነ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የፈተናውን መልስ የሚያስገኝ ሰው ያውቁ ይሆን? ለልጄ ስጸልይ ነው የከረምሁት፤ እግዚአብሔር በእርስዎ በኩል ይመልስልኝ ይሆናል» አለኝ። እኔም፣ «ከልጅህ አጠገብ ለሚቀመጠው ልጅስ ጸልየህለታል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እርሱን እንኳ አላውቀውም» አለ። አንባቢዬ ይህን ሰው ግብዝ ብሎ እንዳያልፈው እፈልጋለሁ፤ ግብዝ አልነበረም። ጸሎቱ እውነተኛ ነው፤ እንባውም እውነተኛ ነው። የጎደለው ነገር በጸሎቱ ውስጥ የልጁ ጎረቤት አለመኖሩ ነው። ያ የድሀ ልጅ በጨለማ መብራት ያጠናውን፣ በተሰረቀ ወረቀት የሚበልጠው ሰው ልጅ እንደሚሆን አላሰበውም። ጣቱ በጆሮው ውስጥ ነበር።

ነቢዩ ዮናስም በዓሣ ሆድ ውስጥ ሆኖ እጅግ መልካም ጸሎት ጸልዮአል። የእኛ አገር ክርስቲያን በየዓመቱ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን ይጾማል፤ ነገር ግን ታሪኩን በከተማይቱ ንስሐ ላይ ጨርሰን መጨረሻውን እንዘለዋለን። በመጨረሻው ነቢዩ ከከተማው ወጥቶ፣ ዳስ ሠርቶ፣ ስትጠፋ ለማየት ተቀምጧል። እግዚአብሔርም ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበዙ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ያሉባት ከተማ እንደምታሳዝነው ይነግረዋል። መጽሐፉ በዚሁ ጥያቄ ያልቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም።

ከአገራችን ደራስያን ይህን ነገር የተረዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይመስሉኛል። እርሳቸው የሚሲዮን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጅ ነበሩ። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት ወዳጄ ልቤ የቡንያንን አርአያ የተከተለ እንደ ሆነ የሥነ ጽሑፍ አዋቂዎች ይናገራሉ። እኔ ግን ለዚህ ነገር የምመርጠው በ1925 ዓ.ም. ያወጡትን አዲስ ዓለምን ነው። የተጉለቱ ልጅ አወቀ በፓሪስ 8 ዓመት ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። መንገዱ የቡንያን መንገድ ግልባጭ ነው፤ ያኛው ከከተማው ይወጣል፤ ይህኛው ወደ ዘመዶቹ ይመጣል። አባቱ ሲሞት ስለ ለቅሶውና ስለ ተዝካሩ ከዘመዶቹ ጋራ ይከራከራል፤ ጆሮውን ግን ሊደፍን አይችልም፤ የሚጮኹበት የገዛ ወገኖቹ ናቸውና። ይህን ወድጄዋለሁ። የማልወደው ደግሞ አለ፤ አወቀ ከጸሎቱ ይልቅ በክርክሩ ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ እውነቱ ከእርሱ ጋራ ነው፤ ስሕተቱ ከዘመዶቹ ጋራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ውሃ የሚጠርግ ነው፤ አቧራውን ያስነሣዋል እንጂ ቤቱን አያጠራውም። (ኅሩይ በ1938 በስደት ያረፉት በቡንያን አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ ነው። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።)

በመጽሐፍ ሳይሆን በሕይወት መመለስን ያሳዩን ደግሞ አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ በምጽዋ ነጻ ወጥተው፣ በስዊድን ተምረው ነበር። በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተረጐሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በውጭ አገር ተቀምጠው ሊከበሩ ሲችሉ፣ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ተማሪ ቤት ከፈቱ። የሸጣቸው አገር ነው፤ ቢሸሹት የሚፈርድባቸው አልነበረም።

ለቡንያንም ፍርዴን ሳላጐድል ላድርስ። ብዙ አንባቢ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል፤ በየተማሪ ቤቱም ሲነበብ የሰማሁት ያን ብቻ ነው። ቡንያን ግን በ1684 ሁለተኛ ክፍል አወጣ። በዚህኛው የተጣለችው ሚስት ክርስቲያና ልጆቿን ይዛ፣ ምሕረት የምትባል የጎረቤት ልጅ አስከትላ ትነሣለች። ይህች ምሕረት ለድሆች ልብስ መስፋት ልማዷ ነው። ቀልጣፋ የሚባል አንድ መልከ መልካም ሰው ትጉህነቷን አይቶ ሊያገባት ፈልጎ ነበር፤ የምትሰፋው ለድሆች መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ተዋት። ይህን ስናነብ ሴቶች ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ እንደርሱ ያለውን ሰው በየሰፈራቸው ያውቁታልና።

በኋላም ወደ ከንቱው ገበያ ደረሱ። የከተማው ሰዎች ታማኝን ካቃጠሉት ወዲህ ጥቂት ለስልሰው ነበር። መንገደኞቹ በዚህ ጊዜ አልሮጡም። ምናሶን በሚባል ሽማግሌ ቤት ብዙ ጊዜ ተቀመጡ፤ የክርስቲያን ሁለት ልጆችም የሽማግሌውን ልጆች አገቡ። ከጫካ አውሬ እየወጣ የከተማውን ልጆች ሲወስድ፣ ከመንገደኞቹ ጋራ የመጣው ልበ ሙሉ ከጓደኞቹ ጋራ ወጥቶ ተዋጋው፤ አውሬውም ቈስሎ አነከሰ። በአንድ ጊዜ አልሞተም፤ በየጊዜው እየወጡ ይገጥሙት ነበር እንጂ። ምሕረትም በዚያ ከተማ ተቀምጣ፣ ያለ ማቋረጥ ለድሆቹ ትሰፋ ነበር።