አሮጌው ማሽን የት አለ?

ባለጉዳይ ሆኖ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው አላውቅም። ደባርቅ ላይም ይባላል፣ ዳባት ላይም ይባላል፤ የሚናገረውም ሰው ሲስተም እንደ ዝናብ ከላይ የሚጠበቅ ነገር ይመስል ትከሻውን ሰብቆ ነው። የትንሽ መሥሪያ ቤት ሲስተም ግን ሰማይ ላይ አይደለም። ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ሥር ሲያጉረመርም የሚውል፣ ከውሃ ማፍያው ጋር አንድ ዲቫይደር የሚጋራ አሮጌ ሲፒዩ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ እሱ ላይ ነው። የደመወዝ ሊስቱ፣ የአባላት መዝገቡ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ደብዳቤው እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን መተካቱ አይቀርም። የአይቲ ባለሙያ ከጎንደር ይጠራል፣ ቅዳሜና እሑድን ይሠራል፣ ሰኞ ጠዋት አዲስ ጥቁር ሳጥን ቦታውን ይዞ ይታያል፤ ኃላፊውም የርክክብ ወረቀቱን ይፈርማል። ምን አይቶ ነው የፈረመው? ብዙ ጊዜ የሳጥኑን አዲስነት ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ፈራሚ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አይተህ ፍረድ ስባል አዲሱን ማሽን መጀመሪያ አላየውም። «አሮጌው የት አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ፎርማት አድርጌ ለንብረት ክፍል አስረከብኩ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ባለሙያው ፈጣን ነው እላለሁ፤ ጎበዝ ነው አልልም። ጥሩ እጅ ባለፈበት ቦታ አሮጌው ማሽን እንዳለ ቆሟል። ኬብሉ ተነቅሏል፣ አንድ ፋይል ግን አልተሰረዘበትም፤ ግንባሩ ላይም እስከ ስንት ቀን እንዳይነካ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን የሚሞክረው አፋፉ ላይ ቆሞ ነው እንጂ የሊማሊሞ ጥምዝ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ስሙን የምተወው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እኔም አብሬ ሠርቻለሁና ነቀፋው ለእኔም ይድረሰኝ። ቅዳሜ አዛወርን፣ እሑድ አሮጌውን አጸዳን፣ ረቡዕ አዲሱ ዲስክ ሞተ። የቀረን ባክአፕ ፍላሽ ላይ ያለ የመጋቢት ቅጂ ነበር፤ ወሩ ደግሞ ሰኔ። ሒሳብ ሠራተኛዋ የሦስት ወር ቫውቸር ከፋይል እየነቀለች እንደ አዲስ መታችው፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁጥር አነበብኩላት። «ሦስት መቶ አርባ ሁለት ከሃምሳ።» «እሺ።» «አንድ ሺ ስድስት መቶ።» «እሺ።» አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ሰርቨር የሚያዛውር ሰው ምን ያህል ሞኝ እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። ዛሬ ባለሙያው ገና ሲመጣ «ሒሳብ የምትዘጉት መቼ ነው? ደመወዝ የሚከፈለውስ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መሣሪያውን ሳያወጣ ግማሽ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ማዛወርና ማሻሻል የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። መሥሪያ ቤቶች ግን «እግረ መንገድህን አዲሱን ቨርዥን ጫንልን» ማለት ይወዳሉ። እሺ ብሎ በአንድ ሌሊት ማሽኑንም ዊንዶውሱንም ፒችትሪውንም የሚቀይር ሰው ሰኞ አንድ ነገር እምቢ ቢለው ጥፋቱ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም። ጥሩው ሰው መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ያዛውራል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት አሠርቶ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቨርዥኑን የሚነካው። ፒችትሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ገዝቶት፣ በ2012 ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢቀይረውም እኛ ዘንድ ዛሬም ፒችትሪ ነው። የድርጅቱ ዳታ በአዲሱ ቨርዥን አንድ ጊዜ ከተከፈተ ይለወጣል፤ በአሮጌው ቨርዥን ተመልሶ አይከፈትም። ኔትወርኩ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮችም ሁሉም አንድ ቨርዥን መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ከመክፈቱ በፊት ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ ያልያዘ ሰው መመለሻ በሌለው በር እየገባ ነው። (ያንን ፒችትሪ ማን እንደሰጣችሁና ፈቃዱ የት እንዳለ አልጠይቅም። የተሰበረ ኮፒ ከሆነ ግን የሰለጠነ ባለሙያ እንኳ በወጉ ሊያዛውረው እንደማይችል እወቁ።)

ከሁሉም ይልቅ የምወደውን ፈተና አንዲት ገንዘብ ያዥ ስታደርገው ነው ያየሁት። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። ሥራ ሳይጀምር ከአሮጌው ማሽን ላይ የሁሉንም ሒሳብ ቀሪ የሚዘረዝረውን ትሪያል ባላንስ አትሞ ሰጣት። እሑድ ማታ ከአዲሱ ላይ ደግሞ አተመ። «እትዬ፣ አንድ ነው» አላት። «ቆይ የኔ ልጅ» አለችና ሁለቱን ወረቀት ደርባ መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው። ፀሐዩ ሊጠልቅ ሲል ነበር፤ ብርሃኑ በወረቀቱ አልፎ ቁጥሩ ቁጥር ላይ ተቀመጠ። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ የፔቲ ካሽ ሒሳብ ነበር፣ ልዩነቱ አርባ ብር። ልጁ ደነገጠ። ፍለጋ ተያዘ፤ ለካ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ከታተመ በኋላ፣ አንዱ ሠራተኛ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ የትራንስፖርት ቫውቸር መዝግቦ ኖሯል። ስህተቱ የማዛወሩ አልነበረም፤ ቢሆንም ልጁ ያላደረገውን አንድ ነገር አሳየ። ጥሩ ባለሙያ ወረቀቱን ከማተሙ በፊት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ ያቋርጣል። አርባ ብሯን የያዘች ሴት ለእኔ ከማንኛውም የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ትበልጣለች።

ትሪያል ባላንሱ ልክ ሆነ ማለት ግን ሁሉም ተዛወረ ማለት አይደለም። ወደ ሼር ፎልደሩ ግቡ። ቀድሞ ሒሳብ ክፍል ብቻ የሚያየው የደመወዝ ፎልደር አሁን ከጥበቃው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል? ይህ የተለመደ ነው፤ ፋይሉን ዝም ብሎ ጎትቶ የሚኮርጅ ሰው ይዘቱን ያመጣል፣ የማየት ፈቃዱን ግን እዚያው ይተወዋል። ማንም ስለማይጮህ ወር ሙሉ ሳይታወቅ ይከርማል። ቀጥሎ፣ ሰዎቹ ሰኞ ጠዋት የየራሳቸውን ኮምፒውተር መንካት ካላስፈለጋቸው፣ ባለሙያው አዲሱን ማሽን በአሮጌው ስም ጠርቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት በርክክብ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ባለሙያዎች ትናንት የተጻፈን ሰነድ ከፍተው «ይኸው» ይላሉ። እኔ የማስከፍተው በጣም አሮጌውን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶቻችን በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚያ ፎንቶች የእኛ ፊደል የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ነው። ፎንቱ የሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት የቦታ ይዞታ ደብዳቤው የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ያላወቀ ሰውም «ቫይረስ ነው» ብሎ ይሰርዘዋል። ሰርዘው ያዘኑ አውቃለሁ። ጎበዙ ባለሙያ የአሮጌውን ማሽን ፎንት ፎልደር ሳይቀር ያመጣል። ማይክሮሶፍት ራሱ በቪስታ ጊዜ ያወጣውን ኒያላ የተባለ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ከመደበኛው አውጥቶ ሲፈልጉ ብቻ የሚጫን አድርጎታልና፣ በኒያላ የተጻፈውም መልኩ ሊቀየር ይችላል። ስሙ የባሌ እንስሳ ስም መሆኑ የዋልያን አገር ሰው ትንሽ ቅር ያሰኘዋል፤ ፊደሉ ግን ያምራል።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። አዲስ ተብሎ የመጣው አዲስ ነው? ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 30,000 ሰዓት የሚያሳይ ዲስክ ሳይጠፋ ከሦስት ዓመት በላይ ሲሽከረከር ኖሯል ማለት ነው፤ ፕላስቲኩ ቢያብረቀርቅም። የእኛው የረቡዕ ሬሳ ይህን በሠላሳ ሴኮንድ ይነግረን ነበር።

ለስሜን ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የማያስበው ጉዳይ አለ፤ እሱም ከፍታ ነው። በሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለዚህ አምራቾች ለተለመደው ዲስክ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከጣሪያው ሥር ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያሉት ሳንቃ በር 3,250፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ግን ከገደቡ በላይ ናቸው፤ ፓርኩ ውስጥ ለሚቀመጥ ማሽን የሚሽከረከር ዲስክ የሚያቀርብ ሰው ማኑዋሉን አላነበበም። ማንበቢያ ራስ የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል። ሙቀትም እንደዚሁ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት አይሸከምም። ብዙ የሰርቨር አምራቾች በዝቅተኛ ቦታ 35 ዲግሪ የሚችለውን ማሽን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሱበታል፤ ደባርቅ ላይ 28 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። «ደባርቅ ላይ ምን ሙቀት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ደጅ የለም። ለሌባ ተብሎ በተቆለፈ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ግን አለ። እጃችሁን ከኋላው አስገቡ።

ዩፒኤስ አለ? ካለ ካርቶኑን አስመጡና ውስጡን እዩ። ከዩፒኤሱ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የዳታ ኬብል በላስቲኩ እንደታሸገ እዚያው ካገኛችሁት፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራና በድንገት ይወድቃል። ኬብሉ ከተሰካና ፕሮግራሙ ከተጫነ ግን ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ባለሙያው ፊት የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀሉ። ፊቱ ከተለዋወጠ ገብቷችኋል።

ማሻሻሉ የሚያመጣው አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ ዘዴ ከነባሪው አውጥቶታል። ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልከው አሮጌው ኮፒ ማሽን ያን ቀን ሥራ ያቆማል። ሰነፉ ባለሙያ አሮጌውን ዘዴ መልሶ ያበራዋል፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የገባው በእሱ በር ነበር። የተሻለው ሰው ኮፒ ማሽኑ ወደ ፍላሽ እንዲልክ ያደርግና በሩን ዘግቶ ይሄዳል።

መዝገብ ሲዛወር ምን እንደሚጣራ በትልቅ ምሳሌ ላሳይ። ዳባት ወረዳ ውስጥ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል አለ። በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዞረ የተወለደው፣ የሞተው፣ የመጣውና የሄደው ይመዘገባል። ሲጀመር በነበሩት ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬ ማንም አይሠራም፤ መዝገቡ ግን ከማሽን ማሽን መሻገር ነበረበት። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲሻገር የመስመር ብዛት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። አንድ ቤተሰብ ተመርጦ ከመጀመሪያው ቆጠራ እስከ ዛሬ ይከተሉታል፤ የእናትየዋ መለያ ቁጥር ከልጇ መዝገብ ጋር እንደተያያዘ መኖሩን ያያሉ። የእናንተ የቁጠባ ማኅበር ትንሽ ቢሆንም ፈተናው ያው ነው፤ አንድ አሮጌ አባል ምረጡና ከመጀመሪያ ቁጠባው እስከ ዛሬ ተከተሉት።

የባክአፕ ቅጂውስ የት ነው ያለው? በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ እንደነበር ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። አንድ ቅጂ ከተማው ውስጥ፣ አንድ ቅጂ ከከተማው ውጭ ያስቀመጠ ባለሙያ አገሩን ያውቃል። ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ሰቅዬዋለሁ የሚል ደግሞ የ2015ን ክረምት ረስቷል፤ የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ሲቋረጥ ሰማይ ላይ ያለው ቅጂ ሰማይ ላይ ቀረ። ስለዚህ ኢንተርኔቱን አስነቅላችሁ ሰርቨሩን አጥፉና አብሩት። ፈቃድ ለማረጋገጥ መስመር ፈልጎ ካልተነሣ አትፈርሙ።

መስኮት ላይ ወረቀት የለጠፈችው ሴትዮ ቢሮ ልጁ በሠላሳኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አሮጌውን ማሽን አበራው፤ ቀኑን ወደ 2000 መልሶ ተነሣ፣ የቦርዱ ባትሪ አልቋል። አንድ ሁለት ፋይል ከፈተና አየ፣ አጠፋው። ከዚያ ዲስኩን ብቻ ፈታው። ሳጥኑን ለንብረት ክፍል ሰጠ። ዲስኩ ላይ በማርከር «ፒችትሪ፣ እስከ የካቲት» ብሎ ጻፈበትና ለእትዬ ሰጣት። እሷም የካቲት ስንት እንደሆነ ቀኑ ይጨመርበት ብላ ራሷ ጽፋበት፣ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ ካዝናው ውስጥ ከቼክ ደብተሮቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ቁልፉን ሁለቴ አዞረች።