ስለ «ባሪየም» ፍች የቀረበ ትችት

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጎብዬ የሚያስተምር አንድ መምህር «ባሪየም» የሚለውን ቃል ቢሻ ዳኛው መዝገበ ቃላት ነው። ቃሉ «ከባድና መርዛማ ብረት» ተብሎ ተፈትቶ ቢያገኘው ተረዳሁ ብሎ ያልፋል። በዚህ አጭር ፍች ውስጥ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉ።

አንደኛው «ከባድ» መባሉ ነው። ስሙ ከባድ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል መውጣቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ስሙን ያስገኘው የባራይት ማዕድን ክብደት እንጂ የንጥረ ነገሩ አይደለም። የባራይት እፍግታ በኩብ ሳንቲ ሜትር 4.5 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ዴቪ በ1808 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው ባሪየም 3.5 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የማረሻውን ብረት ግማሽ አይደርስም። የስም ታሪክ የነገር ፍች አይሆንም።

ሁለተኛው «ብረት» መባሉ ነው። «ብረት» ለገበሬው ማረሻና ዶማ ነውና «ብረት አስተኔ» ማለት ይሻላል። ባሪየም ለስላሳና ብርማ ነጭ ነው፤ አየር ሲነካው ቶሎ ስለሚለወጥ በዘይት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝም ሃይድሮጅን ያወጣል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም። ባራይትንና ዊዘራይትን በመሰሉ ማዕድኖች፣ በጥቂቱም በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ውስጥ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ይገኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ያለ ልዩነት «መርዛማ» መባሉ ነው። ለራጅ ምርመራ ባሪየም ጠጣ የተባለ በሽተኛ ይህን ፍች ቢያነብ መድኃኒቱን ይሸሻል። የሚጠጣው ባሪየም ሰልፌት ነው፤ ስለማይሟማ ከሰውነት እንደ ገባ ይወጣል። በአንጻሩ ካርቦኔቱ በጨጓራ አሲድ ይሟማና ጡንቻንና ልብን ያውካል፤ ለአይጥ መርዝነትም አገልግሏል። በ2003 እ.ኤ.አ. በብራዚል ካርቦኔት የተቀላቀለበት ሰልፌት ለምርመራ የጠጡ ሰዎች ሞተዋል። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጣው የቆላ ነዋሪም ቁም ነገሩ የሟሟው መጠን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያመለከተው ወሰን በሊትር 1.3 ሚሊ ግራም ነው።

ስለዚህ ፍቹ እንዲህ ቢሆን እንላለን፦ «ባሪየም (ስም)፤ አቶማዊ ቁጥሩ 56 የሆነ፣ ለስላሳ፣ ብርማ ነጭ ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር፤ በተፈጥሮ ብቻውን የማይገኝ፣ ዋና ማዕድኑ ባራይት የሆነ። በውሃ ወይም በአሲድ የሚሟሙ ውሁዶቹ መርዛማ ናቸው፤ የማይሟማው ሰልፌቱ ለራጅ ምርመራ ይጠጣል።» ፍቹ ረዝሟል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከመርዙ ለይቷል።