ክብደትና ክብር

ሰሞኑን ዶርማችንን ያመሰው ክርክር የስልት ጦርነት ጨዋታ ነው። ግማሾቻችን «ፋየር ኤምብለም እ.ኤ.አ. በ2010 የሞተ ወታደር ለሚቀጥለው ውጊያ እንዲመለስ የሚፈቅድ ምርጫ ካመጣ ወዲህ ለዛው ጠፋ» እንላለን። የቀረነው ደግሞ «ማን አስገደዳችሁ? አትምረጡት!» ባዮች ነን። ክብደት ስንል ግን ምን ማለታችን ነው? የጠላትን ነፍስ እጥፍ ማድረግ ትዕግሥትን ይፈትን ይሆናል እንጂ አእምሮን አይፈትንም።

እስቲ የአገራችንን ሰንጠረዥ እንመልከት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናት ጽፎበታል። በመክፈቻው፣ ማለትም በ«ወረራ»፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። እጅ የራስን ጦር ሲያሰልፍ ዓይን የባላጋራን ይሰልላል። ደግሞም ንጉሥን በፈረስ ማት ማድረግ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በትንንሾቹ ወታደሮች ሲሆን ግን ያስከብራል።

እንግዲህ ቀላሉ መንገድ ሰንጠረዥ ላይም ክፍት ነበር፤ ምርጫውን የረገምን ተሳስተናል። ነገር ግን የአሸናነፍን ክብር የሚመዝን ተመልካችም ነበር፤ «አትምረጡት» ያልነውም ይህን ዘንግተናል።

ክርክሩ ሲበርድ «በሉ ሰንጠረዥ እንግጠም» ተባለ። ከመካከላችን የሚችል አንድም አልተገኘም። የከበደንስ ይኸኛው ነው።