አያት ከደረጃው ግርጌ ሲቀሩ

የኪነ ጥበብ ሂስ በአገራችን በሚጻፍበት ጊዜ ዘወትር የሚመዘነው ሥራው ራሱ ነው፤ መጽሐፉ፣ ሥዕሉ፣ ተውኔቱ፣ ዜማው። ሥራው ለተመልካች የቀረበበት ቤት፣ የቤቱ ደጃፍ፣ ከደጃፉ እስከ ሥራው ድረስ ያለው ጎዳና ግን የግንበኛና የዘበኛ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ አመለካከት ስሕተት ነው። ቅርፅና ይዘት የማይነጣጠሉ ናቸው የሚለው የሂስ ሀሁ ለሙዚየምም ይሠራል፤ የሙዚየም ቅርፅ ደግሞ ከመስተዋት ሣጥኑ አይጀምርም። የሚጀምረው ጎብኚው እግሩን፣ ወይም የወንበሩን ጎማ፣ ከሚያሳርፍበት የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት የሚያስፈልገው አዲስ አበባ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዳራሽ ስለበለጸገች ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም.፣ በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014፣ የሳይንስ ሙዚየም በመስከረም 2015፣ በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተመርቀዋል። ቀድሞ ከነበሩት ከብሔራዊ ሙዚየምና በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ጋር ሲደመሩ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ፒያሳ የሚደርስ አንድ የአዳራሾች ሰንሰለት ተዘርግቷል ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ቀለበት በየምረቃው ተወድሷል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙበት መገጣጠሚያ ግን የተባለው ጥቂት ነው።

መገጣጠሚያውን ለመመዘን አንድ ቤተሰብ በሐሳብ ይቀረጽ። መኖሪያው ደብረ ማርቆስ ነው። አባትና እናት መምህራን ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች፤ ትንሹ ገና ይታዘላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸውና መስቀል በዓልን ካልሆነ ከቤት ብዙም የማይወጡ አያት አብረው አሉ። መምህርና ተማሪ ከሥራ የሚያርፉት በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ከጮቄ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያሻም። ይህ ቤተሰብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ሲገባም የሚጠብቀው ዝናብ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ጣራ ያለው መስህብ የምቾት ጥያቄ አይደለም፤ ቀኑ መዋሉን ወይም አለመዋሉን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ቀኑ ከላይ መጀመር ይኖርበታል። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ወንበር የሚገፋ ሰው ይህን ከካርታ ሳይሆን ከክንዱ ያውቀዋል። ከአራት ኪሎ ጀምሮ ሽቅብ የታቀደ ጉብኝት እኩለ ቀን ሳይደርስ አባትየውን ይጨርሰዋል።

በስድስት ኪሎ የሚገኘው ሕንፃ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። በውስጡ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ከአገራችን የትርዒት ሥራዎች ሁሉ በአደራደር ጥበቡ የላቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ከፋፍሎ አላስቀመጣቸውም፤ በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል እንጂ። ጎብኚው ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በጉልምስናና በሥራ ዓለም በኩል አልፎ ወደ ሞትና ወደ ቀብር ሥርዓት ይደርሳል። የከፋው፣ የአፋሩ፣ የጎጃሙ ሰው ሁሉ በአንድ የሕይወት ጎዳና ላይ ሲገናኝ ይታያል። ይህ ሐሳብ ያለው አቀራረብ ነው።

እንግዲህ የደብረ ማርቆሱ ቤተሰብ እዚህ ሲደርስ የአያት ሚና ምን እንደሆነ ይታሰብ። ልጆቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ሞፈርና ቀንበር ያዩ ይሆናል፤ ድግርን ከወገል የሚለይላቸው ግን የለም። ልጅ ሲወለድ እልልታው ለወንድ ስንት ለሴት ስንት እንደሆነ፣ አራስ ቤት ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ፣ ለቅሶ ላይ ደረት የሚመታው በምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ የሚያውቁት አያት ናቸው። ከመስተዋቱ አጠገብ የተለጠፈው መግለጫ ጽሑፍ የዕቃውን ስምና የመጣበትን ቦታ ይናገራል፤ አያት የዕቃውን ጠባይ ይናገራሉ። እንደዚህ ያለ ሙዚየም ከእነዚህ አስረጅ ውጭ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ነገር ግን ትርዒቱ ያለው ከላይ ፎቅ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ታስቦ የነበረው ለመሳፍንት እግር እንጂ ለባልቴት ጉልበት አልነበረም። አያት «እናንተ እዩት፤ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ከደረጃው ግርጌ ከተቀመጡ፣ የልጅ ልጃቸውም በወንበሯ ላይ ሆና አብራቸው ከቀረች፣ ሙዚየሙ ሁለት ጎብኚ ብቻ አይደለም ያጣው። አንድ አስተማሪና አንዲት ተማሪ አጥቷል። ትምህርቱም ከላይ፣ ባዶ መስተዋት መካከል፣ ሳይሰጥ ይቀራል።

በዚሁ ግቢ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ስለ ደረጃ የሚናገር ሐውልት አለ። የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪዎች ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሙሶሊኒን አገዛዝ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ወዴትም አያደርስም። ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ትርጉሙ ተገለበጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉበት ግቢም ይኸው ነው። የሕንፃ ጥበብ ተማሪ ይህን ደረጃ ከአንድ ሌላ ጠመዝማዛ ጋር ቢያስተያየው ብዙ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም በፍራንክ ሎይድ ራይት ንድፍ የተሠራው በአንድ ረጅም ተዳፋት ዙሪያ ነው፤ ጎብኚው በአሳንሰር ላይ ወጥቶ ሥዕሎቹን እያየ ዙሪያውን ይወርዳል። አንዱ ጠመዝማዛ ኃይልን ለማሳየት ቆመ፤ ሌላው ሥዕልን ለማሳየት ተዘረጋ። ሁለተኛው ለአካል ጉዳተኛ የተደረገ ቸርነት አይደለም፤ ዓለም የሚያደንቀው ውበቱ ራሱ ያ ተዳፋት ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ቅጂዋ የሚታየው ከመሬት በታች ባለው ወለል ነው፤ ከላይ ባሉት ወለሎች የታሪክ ቅርሶች፣ ሥዕሎችና የባህል ዕቃዎች አሉ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ይህች ፍጡር ዝናዋ በሁለት እግር ቆማ በመሄዷ ነው። በሁለት እግሯ መሄድ ያልቻለች ልጅ ከእርስዋ ፊት ስትደርስ የምትጠይቀው ጥያቄ ከማንም ጎብኚ ጥያቄ የጠለቀ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህም እፊቷ መድረስ አለባት። እዚህ ላይ ለዕቅድ አውጪው የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ከጉዞው በፊት ስልክ ደውሎ የትኛው በር ያለ ደረጃ እንደሚያስገባ፣ አሳንሰር ካለ በዕለቱ መሥራት አለመሥራቱን፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ስንት ክንድ እንደሆነ መጠየቅ። «ይቻላል» የሚል መልስ ብቻ አይበቃም። በአራት ሰው ሸክም መግባትም ይቻላል ይባላልና።

ከአዳራሽ አዳራሽ ያለው መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ይህ ለጎማ ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ዝናብን ግን የእግረኛ መንገድ ስፋት አያስቆመውም። ብርቱ ክረምት ያላቸው ከተሞች ይህን ችግር ከጣራ በታች ፈትተውታል፤ የካናዳዋ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሕንፃዎቿን፣ የባቡር ጣቢያዎቿንና የትርዒት አዳራሾቿን ከመሬት በታች ባሉ መተላለፊያዎች እያያያዘች ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የውስጥ ጎዳና ሠርታለች። አዲስ አበባ ይህን ትቅዳ ለማለት አይደለም። ከአንዱ ደጃፍ እስከ ሌላው ደጃፍ ያለው ርቀት የትርዒቱ አካል መሆኑን የተቀበለ ከተማ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማመልከት ነው። ለጊዜው የደብረ ማርቆሱ ቤተሰብ መተላለፊያው ታክሲ ነው፤ ወንበሩ የሚታጠፍና ከኋላ የሚገባ መሆን አለበት፤ የታክሲው ሒሳብም ከመግቢያው ሒሳብ ጋር ከቤት ተሰልቶ መምጣት አለበት።

ሰንሰለቱን ሁሉ በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል አባት ይሳሳታል። ሁለት ቦታ ይበቃል፤ ቢበዛ ሁለት ተኩል። ስድስት ኪሎን የመረጠ የዓድዋ መታሰቢያን ለሁለተኛው ማድረግ ይችላል፤ አብርሆትን ደግሞ ትንሹ ልጅ ጡት ለሚጠባበት፣ ትልልቆቹ መጽሐፍ ለሚያገላብጡበት ዕረፍት። አንድነት ፓርክ ሌላ ቀን ይፈልጋል። እዚያ የዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ የተበላበት። የቀድሞው አዳራሽ በማዕረግ ከፋፍሎ ቢያስቀምጥም የገባውን ሁሉ አስቀምጧል፤ የዘመናችን የትርዒት አዳራሽ ሠሪ አግዳሚ ወንበርን ውበት የሚያበላሽ አድርጎ ሲያየው ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ተመልካች ቆሞ ዐይቶ የሚወጣው የማይፈልገውን ነገር ነው፤ የወደደውን ተቀምጦ ያየዋል።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አለው፤ ሙዚየሙ፣ አዳራሾቹና የመኪና ማቆሚያው በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። ከጎጃም ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ የራሱ ታሪክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ የተሰለፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ያሰኙ ናቸው። አያት ይህን በልጅነታቸው ሰምተውት ይሆናል። እዚህ ሲቀመጡ የሚያወሩት ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ጋር ሲጋጭ ወይም ሲገጥም መስማት ለልጆቹ ከመግለጫው ጽሑፍ የበለጠ የታሪክ ትምህርት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉትም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። «መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉ» የተባሉት እነማን ናቸው? አያት ናቸው። ሕግ አውጪው አስቧቸዋል፤ የኪነ ጥበብ ባለሙያው ግን ገና አላሰባቸውም። ብዙውን ጊዜ ተደራሽነት የሚነሣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ደረጃው አጠገብ የሲሚንቶ ተዳፋት ይፈስስና ፎቶግራፍ ይነሣል። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ከመሆኑ የተነሣ ባለ ወንበሯን ወደ ኋላ ያንከባልላት ይሆናል። ተዳፋት ተብሎ ግን ተቆጥሯል።

ኪነ ጥበብ ላልደረሰው ሰው ሲደርስ እንደማይጎድል የጎጃም አንባቢ ከማንም በላይ ምስክር አለው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ማንበብ የማይችለውና ዓይነ ስውሩ ዘንድ የደረሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። ያ ንባብ ለማያነቡ ሰዎች የተሰጠ ተለዋጭ ሆኖ አልቀረም፤ መጽሐፉን ደጋግመው ያነበቡት እንኳ ዛሬ በዛብህንና ሰብለን ሲያስቡ የሚሰሙት ያን ድምፅ ነው። በመስተዋት የተከደነ ዕቃም ድምፅ፣ የሚዳሰስ ቅጂና የብሬል ጽሑፍ ቢጨመርለት ለሚያየውም ሰው ይበዛል። የቅኔ ቤት ተማሪ ያለ ብራና በጆሮው የተማረበት አገር ይህን ከውጭ አገር መማር አያስፈልገውም።

ደብረ ማርቆስም የራሷ ሰንሰለት አላት፤ የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ። ዓባይን መሻገር ለማይችሉት የገጠር ቤተሰቦች ይኸኛው ነው የሚቀርበው። የአካባቢው የባህል ሠራተኞችና አናጢዎች ትርዒት ሲያደራጁ ንድፍ ከሩቅ ከመፈለግ በፊት የጎጃምን ክብ ቤተ ክርስቲያን ልብ ብለው ቢመለከቱ ይበጃል። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ነው፤ ተመልካቹ ከጣራ በታች፣ በአንድ ወለል ላይ፣ ሳይወጣና ሳይወርድ ዞሮ ሁሉን አይቶ ከገባበት በር ይመለሳል። ሌሊቱን ቆሞ ለሚያድረው መቋሚያ ተሠርቶለታል፤ መቋሚያው ደግሞ የዝማሬው መሣሪያ ሆኗል። አንድ የጎደለ ነገር ቢኖር ከግቢው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ጥቂት የድንጋይ እርከኖች ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች እዚያ ሲደርሱ የሰው ትከሻ ይዘው ይወጣሉ፤ የማይችሉት ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ያስቀድሳሉ፤ በመቅደሱ ዙሪያ የተሣለውንም ከልጅነታቸው በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ሥዕሉን ቆመው ለሚያዩት የልጅ ልጆቻቸው ከውጭ ሆነው ይተርኩላቸዋል።