ቮልሷን ማን ያርማት?

አሮጌ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም አራሚው ሁለት ፈተና አለበት፤ የደራሲውን ግድፈት ማቃናት፣ ድምፁን ግን አለማጥፋት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚታደሱ ቮልሶችን በየጋራዡ እየዞርኩ ስመለከት ወደ ሐሳቤ የመጣው ይኸው ነው። የመጽሐፍ ሂስ አልበቃው ብሎ ላሜራ ላይ ሊፈርድ መጣ ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ቮልስ መቼም ማስተዋወቂያ አያሻትም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው እሷ ናት፤ የመምህሩንና የነርሷን ልጆች ከኋላ ደርድራ ትምህርት ቤት ስታደርስ የኖረችውም እሷው። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ አበቃ። ስለዚህ ያሉን ያሉት ብቻ ናቸው፤ አዳሽ ያበላሻት ተበላሽታ ትቀራለች።

አንደኛው ወገን «ዜሮ ዜሮ አደረግኳት» ባይ ነው። መኪናዋን እስከ ላሜራዋ ይገፍፋታል፤ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን የነበራትን ቀለምና ወንበር ሲያስስ ዓመት ይፈጃል። ልፋቱን አከብራለሁ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል፣ ከላዩ ደግሞ ሕፃናት ይቀመጡበታል። የተበላ ወለል ይቀየር፣ ክርክር የለኝም። የማልስማማው ከዚያ ወዲያ ባለው ነው። የጥንቶቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ፣ መብራታቸውም እንደ ኩራዝ የሚጭለጨል ነበር፤ ወደ 12 ቮልት ማሻገር የቆየ የጋራዥ ጥበብ ነው። ካርቡራተሩም እንዲሁ። የአዲስ አበባ አየር በከፍታው ምክንያት ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ብልህ መካኒክ አነስ ያለ ጂግለር ገጥሞ ያስተካክለዋል። የ«ኦሪጅናል» አምላኪው ግን ይህን ሁሉ ቅጥያ ነው ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ይህ ለእኔ እርማት አይደለም፤ የሁለተኛውን ደራሲ ስም ከሽፋኑ ላይ መፋቅ ነው። ቮልስን የጻፋት የጀርመን መሐንዲስ ብቻ አይደለማ! ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን እያለ ከጣሊያን በወረሰው ቋንቋ የሚያወራት የእኛ መካኒክም ጽፏታል።

ሁለተኛው ወገን ቀያሪው ነው። ከመሬት ዝቅ፣ ቸርኬዋ ሰፋ፣ ቀለሟ ጮኸ። ይህ አምሮት የተወለደው ካሊፎርኒያ ነው። እዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች የቮልስን አፍንጫ ዝቅ አድርገው፣ ጌጧን ገፍፈው፣ ሞተሯን አጎልብተው በቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ይወዳደሩባት ነበር። እኛ ዘንድ የተቀዳው ዝቅታው ብቻ ነው፤ ሞተሩ ያው አሮጌው፣ መንገዱም ያው ባለጉብታው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የኋላ አክስል እንደ ክንፍ የሚወዛወዝ በመሆኑ፣ ከኋላ ዝቅ ስትደረግ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ የውስጥ ጠርዛቸውም ቶሎ ያልቃል። ቤት መምታቱን ቀድቶ ሐሳቡን የተወ ገጣሚ አልገጠማችሁም?

ቢሆንም ቀያሪዎችን በጅምላ አልኮንንም። አንዲት ነጭ ቮልስ አይቻለሁ፤ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ ከኋላ የደኅንነት ቀበቶ ተጨምሮላታል። ሁሉም በብሎን የታሰረ ነው፤ የነገ ባለቤቷ ካልወደደው ይፈታዋል። ዝቅ ትበል ተብሎ የፊት አክስሏ ተቆርጦ የተበየደባትን ግን ማን ይመልሳታል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሌላም ጥያቄ መጥቷል። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በኤሌክትሪክ የምትሄድ አሮጌ ቮልስ አሳይቷል። ያ ከኋላ የሚንኳኳ ድምፅ ሲጠፋ ቅር ይለኛል፤ ሞተሩ በግሪስ ተቀብቶ ከተቀመጠ ግን እችለዋለሁ።

ጋራዥ የምትገቡ ባለቤቶች፣ ከመግፈፋችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ወለሏን የጠገነላት ባትላሜራ በሕይወት ካለ ፈልጋችሁ ጠይቁት። ተቆርጦ የወጣውንም ጥፍጥፍ ላሜራ አትጣሉት፤ ከፊት ኮፈኖ ሥር፣ ትርፍ ጎማው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ ቦታ አለ።